ሞአብ ለሦስት ዓይነት ነጂ፦ ጀማሪ፣ መካከለኛ እና አንድ ፍሬን የማይነካ

አቧራ_ጠጪ

ሰላም ብስክሌተኞች። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ለአራት ቀን አሜሪካ፣ ዩታ፣ ሞአብ እንሄዳለን። ያስቸገረኝ ቦታው ሳይሆን አብረውኝ የሚሄዱት ሰዎች ናቸው።

እኔ ተራራ ላይ መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰማያዊ ምልክት ያለውን መንገድ ብዙም ሳልወርድ እጨርሳለሁ። ጥቁሩ ላይ ግን ከምነዳው የምገፋው ይበልጣል። ባለቤቴ አስፋልት ላይ እኔን ጥላኝ ትሄዳለች፤ ድንጋይ ላይ ግን የወጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛው ሰው ወንድሟ ነው። እሱን ምን ልበላችሁ፣ ፍሬን ለጌጥ የተገጠመ የሚመስለው ሰው ነው።

ያየሁት ቪዲዮ ሁሉ ስሊክሮክ፣ ስሊክሮክ ይላል፤ ድንጋይ ላይ የሚነዳ የታወቀ መንገድ ነው። አጠር ያለ የልምምድ ዙር እንዳለውም ሰማሁ። ሐሳቤ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሦስታችንም እዚያ እንድንሟሟቅ ነው። ከዚያ በኋላ አማቼ ሆል ኢንቺላዳ የሚባለውን ረጅም ቁልቁለት፣ እኔ ካፕቴን ኤሃብ የሚባለውን መንገድ፣ ባለቤቴ ደግሞ አንድ ቀለል ያለ ነገር። ምን ትላላችሁ?

ጋሼ_ዳገት

ወንድሜ፣ የመረጥካቸው ቦታዎች ጥሩ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ስሊክሮክ መሟሟቂያ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ቀለሙ ልንገርህ። አረንጓዴ ክብ ቀላል ነው። ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ ነው። ጥቁር አልማዝ ከባድ ነው። ሁለት ጥቁር አልማዝ ደግሞ "ቤተሰብህን ተሰናብተሃል ወይ?" ማለት ነው። ምልክቱ ከበረዶ ሸርተቴ የተወሰደ ነው። ችግሩ፣ ቀለሙ የሚሰጠው እዚያው አካባቢ ካሉት መንገዶች ጋር ተነጻጽሮ ነው። ጫካ ውስጥ፣ ለስላሳ አፈር ላይ ሰማያዊ ሲነዳ የኖረ ሰው ሞአብ መጥቶ ሰማያዊ ሲገባ ይደነግጣል። ለስላሳ አፈር ብዙ የለም። ያለው ድንጋይ ነው፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ እንደገና ድንጋይ። ድንጋዩም እንደ ደረጃ ተቆርጦ የቆመ ነው። ቁመቱ አንዳንዴ ቁርጭምጭሚት፣ አንዳንዴ ጉልበት ይደርሳል።

ስለዚህ ለባለቤትህ መንገድ ስትመርጥ ቀለሙን ብቻ አትይ። ደረጃ ስንት ጊዜ ይገጥማታል? ገደል ዳር ያስኬዳታል ወይ? ቢደክማት አቋርጣ መመለሻ አላት ወይ? እኔ የምጠይቀው እነዚህን ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ሞአብ ብራንድስ ዋሉ። ከከተማው በስተሰሜን 8 ማይል፣ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ነው። ራስቲ ስፐር የሚባል አጭር አረንጓዴ አለ። እሱን ሁለት ጊዜ ትዙር። ከዚያ ሌዚና ኢዚ የሚባሉትን ጨምሩ። ባር ኤም የሚባለው ዙር ሰፊ ነው፣ ጎን ለጎን እያወራችሁ ትነዱበታላችሁ። አማችህ ሲሰለቸው ዴድማንስ ሪጅና ኪለር ቢ እዚያው አጠገብ አሉለት፣ ድንጋይ ሲያምረው ይሂድ። ሁሉም ነገር ከአንድ መኪና ማቆሚያ ይጀምራል፤ ደረጃቸው ለተለያየ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ ማንም አይጠፋም።

ሁለተኛው ቀን ዴድ ሆርስ ፖይንት ይሁን። የስቴት ፓርክ ስለሆነ መግቢያ ይከፈላል። ኢንትሬፒድ የሚባሉት መንገዶች ከጎብኚዎች ማዕከሉ በር ላይ ነው የሚነሱት። ሁሉም ተደምረው 16 ማይል ያህል ናቸው፤ ግን በቁራጭ ስለተሠሩ አንዱን ዙራ "በቃኝ" ማለት ትችላለች። ከአፋፉ ላይ ኮሎራዶ ወንዝ 2,000 ጫማ ወርዶ ሲጠማዘዝ ይታያል። ራቅ ብሎ ደግሞ ቁልጭ ያለ ሰማያዊ ኩሬ ታያላችሁ። ሐይቅ እንዳይመስልህ፣ የፖታሽ ማዕድን የሚተንበት ገንዳ ነው። ውኃ ከከተማ ሞልታችሁ ውጡ፤ እዚያ ላይ ያለው በቦቴ የሚመጣ ነው።

ስለ ጥቁሩ ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ቁልቁለት_ብቻ

ጋሼ፣ ሰዉን ባያስፈራሩብን!

ስሊክሮክ የሚያዳልጠው ስሙ ብቻ ነው። ጎማ ድንጋዩን እንደ ሙጫ ነው የሚይዘው። ግድግዳ የሚመስል ዳገት ሳትንሸራተት ትወጣለህ። ነጭ መስመር ድንጋዩ ላይ ተቀብቶልሃል፣ እሱን መከተል ብቻ ነው። መንገዱ በሙሉ 10.5 ማይል ነው፣ 17 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የልምምድ ዙሩ ደግሞ ሁለት ማይል ከምናምን። ሁለት ማይል! አስፋልት ላይ እናንተን ጥላ የምትሄድ ሴት ይሄ ምኗ ነው?

ሰበብ_የለኝም

ቁልቁለት፣ ያ "ሁለት ማይል ከምናምን" እኔን አስለቅሶኛል።

ጀማሪ ሳለሁ ነው። ብስክሌት የተከራየሁበት ቤት ያለው ልጅ "የልምምዱን ዙር ሞክሪ፣ ለጀማሪ ነው" አለኝ። ቃሉ ነው ያታለለኝ። ልምምድ የተባለው ለዋናው ስሊክሮክ ነው እንጂ ብስክሌት ለሚለማመድ ሰው አይደለም። ዳገቱ ያው ነው፣ ቁልቁለቱም ያው ነው። ያጠረው ርቀቱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ ማርሽ ሳልቀንስ ገባሁ። መሃሉ ላይ ቆምኩ። በዚያ ዓይነት ዳገት ላይ አንዴ ከቆምክ ደግሞ መነሳት የለም። ልወርድ ስል የጫማዬ ብረት ድንጋዩ ላይ ሸርተት አለ። ቁጭ ብዬ፣ ብስክሌቱን አንገቱን ይዤ፣ በቂጤ ነው የወረድኩት። ጎማው እንደሚይዝ አውቃለሁ፣ አልዋሽም። ጎማው አልከዳኝም፤ የከዳኝ ልቤ ነው።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ድንጋይ የሚባል ነገር አልነካሁም። አቧራ፣ የምነግርህ ለዚህ ነው። የመጀመሪያ ጠዋት ላይ ከወሰድካት የሚበላሸው ያ ጠዋት ብቻ አይደለም።

አቧራ_ጠጪ

ኧረ ተውኩት! ብራንድስ እንጀምራለን። ግን ስሊክሮክን ሳላይ ከሞአብ ብመለስ ሰው ምን ይለኛል?

ጋሼ_ዳገት

ሰው ምንም አይልህም። ግን ታየዋለህ፣ ቀኑ ሲደርስ።

ስለ ስሙ ቁልቁለት ከተናገረ አይቀር ልጨምርበት። ስሊክሮክ፣ አዳላጭ ድንጋይ፣ ያሉት ድሮ በፈረስ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። የፈረሱ ኮቴ ብረት ነዋ! ብረት እዚያ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። የእህታችንም ጫማ ብረት የከዳት በዚያው ምክንያት ነው።

መንገዱም ለብስክሌት የተሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ምልክት የተደረገበት ለሞተር ሳይክል ነው። ያኔ ተራራ ላይ የሚነዳ ብስክሌት የሚባል ነገር በሱቅ አይሸጥም ነበር። ሞአብ ራሷ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የዩራኒየም ከተማ ነበረች። በ1980ዎቹ የማዕድኑ ሥራ ሲሞት ሰው ከተማዋን ጥሎ መሄድ ጀመረ። በ1983 ሁለት ወንድማማቾች ሪም ሳይክለሪ የሚባል የብስክሌት ቤት ከፈቱ። የሞተር መንገዱን በብስክሌት የሚሞክሩ መጡ፣ ወሬው ተዛመተ። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ከተማዋ ውስጥ ብስክሌት ያልጫነ መኪና ብታይ ትገረማለህ።

እና ዳገቱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ገባህ? የታሰበው ሞተር ላለው ነው። እግር ላለው አልታሰበም።

ሰንሰለት_ዘይት

እኔ በመካኒክ ዓይን ልምጣ። ሞአብ ደርሰው ከመጡ በኋላ የማያቸው ብስክሌቶች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ጎማ የተቀደደ፣ የማርሽ ማንጠልጠያ (የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ከብስክሌቱ ጋር የሚያያይዘው ብረት) የታጠፈ፣ የፍሬን ሸራ ያለቀ።

ጎማው። ካላማደሪያ ያለው ከሆነ ደረጃው ጫፍ ላይ ሲመታ እባብ እንደነከሰው ሁለት ቀዳዳ ይወጣዋል። ከቻላችሁ ካላማደሪያ የሌለው፣ ውስጡ ፈሳሽ የሚጨመርበት ይሁን። ጎትሄድ የሚሉት እሾህ አለ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ሚስማር ነው። ፈሳሹ እሱን ይደፍነዋል። ነፋስ ስትቀንሱ ደግሞ አታብዙት። ለስላሳ ጎማ ድንጋይ ይይዛል ብለው ግፊቱን ወደ 18 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ያወርዱና ቸርኬውን አጣመው ይመጣሉ። እኔ በኔ ክብደት ፊቱን 23፣ ኋላውን 26 አድርጌ ነው የምነዳው። ባለቤትህ ከኔ ብትቀል ትቀንስ።

ማንጠልጠያው። መለዋወጫውን ይዛችሁ ሂዱ። እያንዳንዱ ብስክሌት የራሱ ዓይነት አለው። እዚያ ሄጄ እገዛለሁ ብሎ ቀኑን ሲዞር የዋለ ሰው አውቃለሁ። (እኔ ነኝ።)

ፍሬኑ። አማችህ ፍሬን ስለማይነካ የሱ ሸራ አዲስ ይሆናል። የናንተን ግን አሳዩ።

አሞርዛተርን በተመለከተ፣ ከኋላም ከፊትም ያለው ቢሆን ይመረጣል። ለባለቤትህ እዚያው ብትከራይላት አይቆጭህም። መቀመጫው በእጅ ቁልፍ የሚወርድ መሆኑን ግን ሳታይ አትፈርም።

አቧራ_ጠጪ

በጣም አመሰግናለሁ ሰንሰለት። የማንጠልጠያውን ነገር ከዚህ በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

አሁን ወደ አማቼ እንምጣ። ሆል ኢንቺላዳን ከላይ እስከ ታች ካልነዳሁ አልሄድም ብሏል። ይሄ ሰው ምን ይደረግ?

ቁልቁለት_ብቻ

የኔ ሰው ነው! ግን መጥፎ ዜና ንገረው። በኤፕሪል ሙሉውን አይነዳም። ላይኛው ጫፍ ቡሮ ፓስ 11,200 ጫማ ላይ ነው፣ 3,400 ሜትር ገደማ። ላ ሳል ተራራ ውስጥ ነው፣ ያን ጊዜ በረዶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ጁን መጨረሻ ወይ ጁላይ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ቡሮ ፓስ፣ ሃዛርድ ካውንቲ፣ ኮኮፔሊ፣ ከዚያ ዩ.ፒ.ኤስ. እና ኤል.ፒ.ኤስ. የሚሏቸው፣ በመጨረሻ ፖርኩፓይን ሪም። ሁሉም ሲደመር ከ26 ማይል በላይ ነው። ከጥድና ከነጭ ግንድ ዛፍ መሃል ተነስተህ ቀይ በረሃ ውስጥ ወንዝ ዳር ታርፋለህ። ወደ ታች 7,000 ጫማ። በአንድ ቀን ሁለት ወቅት የሚነዳበት ሌላ ቦታ እኔ አላውቅም።

በረዶ ሲኖር ሻትሉ (ነጂና ብስክሌት ጭኖ የሚያወጣው መኪና) በረዶው እስከፈቀደበት ድረስ ወስዶ ያወርድሃል። ለሱ ይሄ ኪሳራ አይደለም፣ ሥጋው ያለው ከታች ነው። ዩ.ፒ.ኤስ. ላይ አፋፉ ዳር ቆመህ ካስል ቫሊ የሚባለውን ሸለቆ ታያለህ። ኤል.ፒ.ኤስ. ላይ ስኖች የሚባል ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ አለ። እሱን ብስክሌት ላይ ሆኖ የሚወርድ በጣም ጥቂት ነው። እኔም ስወርድ ብስክሌቴን ተሸክሜ ነው፤ ስሜ ቁልቁለት_ብቻ ሆኖ እንኳ።

ከዚያ በኋላ ፖርኩፓይን ሪም ነው። ካርታ ላይ ቁልቁለት ይመስላል። እጅ ያደክማል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው፣ ጥላ የለም፣ ውኃ የለም። መጨረሻው ላይ ደግሞ መንገዱ ይጠብና ከበታችህ ኮሎራዶ ወንዝ ይሆናል። ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው፣ ስለደከመው። የቀደመውን የተረፈ ሁሉ እዚያ ጋ "ደረስኩ" ብሎ ይዝናናል።

ሰበብ_የለኝም

ውኃ የሚለውን በትልቅ ፊደል ጻፍልኝ፣ ቁልቁለት። እዚያ በሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ወደ 4 ሊትር ያዙ ይላሉ። ኤፕሪል ነው፣ አይሞቅም ብሎ ሁለት ኮዳ ይዞ የሚሄድ ሰው አለ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብህ ሳታየው ይተናል፣ ያላበህ አይመስልህም። በጋው ላይ ደግሞ ከ100 ፋራናይት፣ ማለት ከ38 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ነድቶ ረፋድ ላይ መግባት ነው።

ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም። የአካባቢው፣ የግራንድ ካውንቲ ነፍስ አድን ቡድን ዩታ ውስጥ ሥራ ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። ሥራ አትጨምሩላቸው።

ላንተ ግን አቧራ፣ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ከላይ እስከ ታች መውረድ አምሮህ ፖርኩፓይን ከከበደህ፣ ሳንድ ፍላትስ የሚባለው አካባቢ ውስጥ ራፕተር ሩት የሚባል አዲስ መንገድ አለ። ክፍሎቹ በአሞራ ስም ነው የተሰየሙት፣ ንስር፣ ጭልፊት እያለ ይሄዳል። ልክህ ነው። ናቫሆ ሮክስም ላንተ ደረጃ ጥሩ ነው። ባለቤትህ ደግሞ ብራንድስን ከወደደችው ክሎንዳይክ ብላፍስ አለላት። እዚያ ድንጋዩ ላይ የዳይኖሰር ዱካ አለ። እውነተኛ! ሦስት ጣት ያለው እግር፣ ጎማህ አጠገብ።

ሰሌዳ_አንባቢ

ይቅርታ ጥያቄ ጣልቃ ላስገባ። አርችስ ናሽናል ፓርክ ውስጥ በብስክሌት መግባት ይቻላል? እዚያ ድንጋይ ቅስት ስር መንዳት ህልሜ ነው። ደግሞስ ኤሌክትሪክ ብስክሌት?

ጋሼ_ዳገት

ህልምህን ላፈርሰው ነው፣ ልጄ። አርችስ ውስጥ ብስክሌት የሚፈቀደው መኪና በሚሄድበት መንገድ ላይ ብቻ ነው። የእግር መንገዱ ላይ ክልክል ነው። ካንየንላንድስ የሚባለው ፓርክም እንደዚያው። ግን ካንየንላንድስ ዋይት ሪም የሚባል የጂፕ መንገድ አለው። 100 ማይል፣ 160 ኪሎ ሜትር። ብዙ ሰው ውኃና ድንኳን የጫነ መኪና አስከትሎ በሦስትና በአራት ቀን ይጨርሰዋል። አስቸጋሪ ድንጋይ የለበትም፣ ርቀቱ ነው ፈተናው። ለአንድ ቀን ቢሆን እንኳ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ ሞተር በሚፈቀድበት መንገድ ይፈቀዳል፣ ስሊክሮክን ጨምሮ። ሌላው ላይ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብብ። ስምህም ይረዳሃል።

ቁልቁለት_ብቻ

ሌላው ነገር፣ አማችህ ፖርታል የሚባል መንገድ አይቶ ከሆነ አሁኑኑ አስጥለው። ማግ ሰቨን ከሚባለው ረጅም መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። "ከብስክሌት ውረድ" የሚል ምልክት አለ፣ ቀልድ አይደለም። ሰው ሞቶበታል። እኔ እዚያ ብስክሌቴን በገደሉ በኩል ሳይሆን በግድግዳው በኩል እየገፋሁ ነው የማልፈው።

ሰበብ_የለኝም

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ያቃጥለኛል። ፎቶ ለማንሳት ከመንገድ አትውጡ። ጥቁር፣ ቅርፊት የመሰለ፣ እብጥ እብጥ ያለ አፈር ታያላችሁ። ቆሻሻ ይመስላል፣ ግን ሕይወት ያለው ነው። ባክቴሪያ፣ የድንጋይ ሽበትና ሌላም ጥቃቅን ነገር ተያይዞ የሠራው ቅርፊት ነው። አሸዋውን ነፋስ እንዳይወስደው የያዘው እሱ ነው። አንድ የጎማ መስመር ለማገገም አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ያለፈው ጊዜ አንድ ቡድን ፀሐይ ስትጠልቅ ለቪዲዮ ብሎ መሃሉን ሲያርሰው አየሁ። ተናገርኳቸው። "በረሃ እኮ ነው" አሉኝ።

ቁልቁለት_ብቻ

እኔም ድሮ አድርጌዋለሁ። ሳላውቅ። አሁን አላደርገውም።

ሰንሰለት_ዘይት

ዝናብ ከጣለ በኋላም ብራንድስንና ክሎንዳይክን አትንዱ። ጭቃው ሸክላ ነው፣ ጎማና ሹካው መሃል ገብቶ ይደርቃል። ያኔ በመዶሻ ነው የምናወጣው።

አቧራ_ጠጪ

ተመለስን! ቃል በገባሁት መሠረት ወሬውን ይዤ መጥቻለሁ። ረዘም ይላል።

የመጀመሪያው ቀን፣ ብራንድስ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ራስቲ ስፐርን የመጀመሪያውን ዙር መሪውን አንቃ ይዛ ነዳች። ሁለተኛውን ዙር ክርኗ ላላ አለ። ሦስተኛውን ራሷ ነች የጨመረችው። ሌዚ ላይ አንድ ትንሽ ደረጃ አለ፣ የእጅ መዳፍ ታክላለች። አራት ጊዜ እየተመለሰች ወጣቻት። እኔ ቆሜ ሳያት ያልገባኝ ነገር ገባኝ። እኔ ብሆን ከወጣኋት በኋላ አልመለስባትም ነበር። እሷ ግን እንዴት እንደወጣችው እስኪገባት ድረስ ተመላለሰች። አማቼ ዴድማንስ ሪጅ ሄዶ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ፣ ክንዱ ተፍቆ፣ ፈገግ ብሎ።

ሁለተኛው ቀን ዴድ ሆርስ ፖይንት። ትንሽ ነዳን፣ ብዙ ቆምን። ያ ሰማያዊ ኩሬ ሐይቅ እንዳልሆነ ባትነግሩኝ ኖሮ እኔም ሐይቅ ብዬ ለሰው አወራ ነበር። አማቼ እዚህ ጋ ሲሰለቸው ተነጫነጨ። "ይሄ የሽርሽር ቦታ ነው" አለ። እህቱ "አዎ" አለችው።

ሦስተኛው ቀን እኔና አማቼ ሃይማሳ የሚባለውን መንገድ ወጥተን ካፕቴን ኤሃብን ለመውረድ ሄድን። እሷ ክሎንዳይክ ዳይኖሰሯን ፍለጋ፣ ብራንድስ ላይ ከተዋወቀቻቸው ሁለት ሴቶች ጋር። ሃይማሳ ላይ ነው የኔ ቀለም የወጣው። ዳገት ነው፣ ግን ዳገቱ አይደለም ችግሩ። በየሃያ ሜትሩ ደረጃ አለ። ደረጃ ለመውጣት ፍጥነት ትፈልጋለህ፣ ዳገት ላይ ደግሞ ፍጥነት ከየት ይመጣል? ከላይ ስደርስ እግሬ ውኃ ሆኗል። ኤሃብ ደግሞ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳ ነው፣ ከገባህ መዞር የለም። የላይኛውን ግማሽ እየወረድኩ፣ እየገፋሁ፣ እየወረድኩ ጨረስኩ። መሃል ላይ የጂፕ መንገዱን ሲያገኝ "በዚህ ልመለስ" አልኩት። አላፈርኩም። ትንሽ አፍሬያለሁ።

አማቼ ሙሉውን ወረደ። አንድም ቦታ አልወደቀም። የወደቀው መጨረሻ ላይ፣ መኪናው አጠገብ፣ ሜዳ ላይ ነው። አሸዋ ላይ እጁን ለኔ ሊያውለበልብ ሲል።

አራተኛው ቀን ለሁለት ተከፈለ። አማቼ በሻትል ወጥቶ ከበረዶው በታች ጀመረ። እኛ ስሊክሮክ። ቀኑ ደርሷል ብዬ ገመትኩ፣ ጋሼ። የልምምድ ዙሩ ላይ እሷ ሦስት ቦታ ላይ ወርዳ ገፋች፣ የቀረውን ነዳች። ሰበብ፣ ማርሽ ቀድማ ቀነሰች፣ አገጯን ወደ መሪው አስጠጋች፤ ያንቺን ታሪክ ማታ ማታ አንብቤላት ነበር። አንድ ቁልቁለት ጫፍ ላይ ቆማ ብዙ አየችው። "ይሄን ዛሬ አልነዳውም" አለችና በእግሯ ወረደች። ስትናገር ድምጿ ውስጥ ምንም አልነበረም። ልክ "ዛሬ ቡና አልጠጣም" እንደማለት። እኔ ግን እሷ ፊት መግፋት ከብዶኝ ነዳሁት፣ ፊት ፍሬኑን ያዝኩ፣ የኋላው ጎማ ተነሳ። አልወደቅኩም። ግን ልብ ላይ ሚዛን ቢኖር እዚያች ሰከንድ ላይ ይሰበር ነበር።

አማቼን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ልንቀበለው ሄድን። ሁለት ሰዓት ዘገየ። ሁለት ኮዳ ውኃ ብቻ ነበር የያዘው። ይህን ውይይት ልኬለት ነበር፣ አላነበበውም። ፖርኩፓይን ላይ አንድ የማያውቀው ሽማግሌ ነጂ ከጀርባው ቦርሳ ቀድቶ ባያጠጣው ኖሮ እንጃ። ሲደርስ ምንም አላወራም። መኪና ውስጥ ገብቶ አንድ ጋሎን ሙሉ ጠጣ። ከዚያ "ስኖችን ተሸክሜ ነው የወረድኩት" አለ።

ሰንሰለት፣ ማንጠልጠያ አልታጠፈም። የኔ የፍሬን ሸራ ግን አልቋል።

ቁልቁለት_ብቻ

የሱን ምስጢር በአደባባይ አወጣኸው እኮ! ሽማግሌው ግን ጋሼ እንዳይሆኑ?

ጋሼ_ዳገት

ኤፕሪል ላይ እኔ ጉልበቴን ሐኪም ጋ እያሳየሁ ነበር። ግን ደስ ብሎኛል። ሰው አለ።

ፊት ፍሬኑን የያዝክበትን ቦታ በሚቀጥለው አብረን እንየው። እጅህ ሳይሆን ዓይንህ ነው ያጠፋው። ጎማህ ስር እያየህ ነበር አይደል?

አቧራ_ጠጪ

አዎ ጋሼ። እንዴት አወቁ?

ሰበብ_የለኝም

ሁላችንም እዚያ ነው የምናየው። ባለቤትህ ግን ደርሳለች። "ይሄን ዛሬ አልነዳውም" ማለት እኔን ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጡ ንገሩኝ፣ ናቫሆ ሮክስን አብረን እንነዳዋለን። አንተ ካልደከመህ።

አቧራ_ጠጪ

እነግራታለሁ። አሁን አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው። አንድ ማስተካከያ አለኝ ብላለች፦ መጀመሪያ ላይ "ድንጋይ ላይ የወጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው" ብዬ የጻፍኩት ሦስት ጊዜ ነው አለች። አንዱን ጊዜ እኔ ጎማ ፈንድቶብኝ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የጠበቅኳት።